ቀለም ነው፣ ዱቄት ነው ወይስ መለዋወጫ? የሕትመት ዕቃ አስመጪ ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት

«ቀለም ያው ቀለም ነው» የሚል አስመጪ ገበያውን ያውቅ ይሆናል፤ የጉምሩክን ታሪፍ መጽሐፍ ግን ገልጦ አላየም ማለት ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት የኦፍሴት ቀለም፣ የፎቶ ኮፒ ቶነር፣ የኢንክጄት ካርትሪጅ፣ የጽሕፈት መኪና ሪባን፣ ፕሌትና ብላንኬት በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ጎረቤታሞች አይደሉም። አንዱ በኬሚካል፣ ሌላው በፎቶግራፍ፣ ሦስተኛው በማሽን፣ አራተኛው በጨርቃ ጨርቅ ምዕራፍ ተበታትነው ይገኛሉ። በአንድ ኮንቴይነር ተጭነው፣ በአንድ ኢንቮይስ ተዘርዝረው ቢመጡም ለየራሳቸው የሚከፈለው ቀረጥ ግን የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለትራንዚተሩ ትቶ መተኛት ይቻል ነበር። ይሁንና አስመጪው በፐርፎርማው ላይ ተመሥርቶ ዋጋ ቆርጦ፣ ከማተሚያ ቤቶች ጋር ውል ፈርሞ፣ ዕቃው ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ «ይህ ቁጥር አይደለም» የተባለ እንደሆነ ትርፉ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

15 ሳንቲም 19 ሳንቲም ሲሆን

ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተጨምሮ፣ ማለትም በሲ አይ ኤፍ ዋጋ፣ 1,000,000 ብር የሚያወጣ የሕትመት ዕቃ ገባ ይባል። በአንደኛው የታሪፍ ቁጥር ቀረጡ 5 ከመቶ፣ በሌላው 20 ከመቶ ነው ተብሎ ይሰላ። መጣኔዎቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ግን አስመጪው ዘወትር የሚገጥመው ነው።

በ5 ከመቶ ቀረጡ 50,000 ብር ይሆናል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ቀረጡ ተደምሮ ስለሆነ በ1,050,000 ብር ላይ 157,500 ብር ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተጣለው 10 ከመቶ ሱር ታክስ ዕቃውን የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ በሁሉም ድምር፣ ማለትም በ1,207,500 ብር ላይ 120,750 ብር ይታሰባል። በጠቅላላው 328,250 ብር ነው።

በ20 ከመቶ ሲሰላ ቀረጡ 200,000፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 180,000፣ ሱር ታክሱ 138,000፣ ጠቅላላው 518,000 ብር ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 189,750 ብር ነው። እንግዲህ በመጽሐፉ ላይ የ15 ሳንቲም ልዩነት የነበረው ኪስ ላይ ሲደርስ 19 ሳንቲም ሆኗል። ቀረጡ ለሌሎቹ ታክሶች መነሻ ስለሚሆን አንድ የምደባ ስሕተት ሦስት ቦታ ይቆጠራል።

እርግጥ ነው፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከልዩነቱ ውስጥ 22,500 ብሩን ሲሸጥ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ያቀናንሰዋል። የቀረው 167,250 ብር ግን የዕቃው ወጪ ሆኖ ይቀራል። ስሕተቱ ዕቃው ከወጣ በኋላ በሚካሄደው ኦዲት የተደረሰበት እንደሆነ ነገሩ ይብሳል። ቀለሙ ተሸጦ፣ መጽሐፉ ታትሞ፣ ገንዘቡ ሌላ ዕቃ ከተገዛበት በኋላ የሚመጣን የልዩነት ሂሳብ ከየትኛው ደንበኛ መልሶ መጠየቅ ይቻላል?

መጽሐፉ እንዴት ይነበባል?

አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ሀርሞናይዝድ ሲስተም ይባላል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1983 በብራስልስ ተፈርሞ ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የሚያስተዳድረው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ነው። ዕቃዎችን በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች ይመድባል፤ ከእነዚህም 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊት ተብሎ ክፍት የተተወ ነው። በቁጥሩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ንዑስ አንቀጹን ያመለክታሉ። እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ ለሁሉም ተጠቃሚ አገር አንድ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል።

መጽሐፉን ለማንበብ ስድስት አጠቃላይ የትርጓሜ ደንቦች አሉ። ለሕትመት ዕቃ አስመጪ በተለይ ሦስቱ ይጠቅማሉ። አንደኛው ደንብ ዕቃ የሚመደበው በምዕራፍ ስም ሳይሆን በአንቀጹ ቃልና በማስታወሻዎቹ ነው ይላል። ሦስተኛው ደንብ አንድ ዕቃ ከአንድ በላይ አንቀጽ የሚስማማው ሲመስል ይበልጥ በዝርዝር የሚገልጸው እንዲመረጥ፣ ያም ካልለየ ለዕቃው ዋና ባሕርዩን የሚሰጠው ነገር እንዲታይ፣ በዚያም ካልተለየ በቁጥር ኋላ የሚመጣው አንቀጽ እንዲወሰድ ያዛል። አምስተኛው ደንብ ደግሞ የተለመደው ማሸጊያ ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲመደብ ያደርጋል። የቀለም ጣሳ ለብቻው የብረት ዕቃ ተብሎ የማይከፈልበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራቸው አንድ፣ ምዕራፋቸው ልዩ ልዩ

በሕትመት ቤት የዘወትር አገልግሎት ላይ የሚውሉት ዋና ዋና ዕቃዎች የሚገኙት እንደሚከተለው ነው።

የሕትመት ቀለም፦ 32.15። ጥቁሩ 3215.11፣ ሌላው ቀለም 3215.19።

ለማጠቢያና ለማቅጠኛ የሚሆን የተቀመመ ኦርጋኒክ ሶልቬንት፦ 38.14።

የቶነር ዱቄት፦ 37.07።

ለብርሃን ስሜት ያለው፣ ገና ምስል ያልተቀረጸበት ፕሌት፦ 37.01። ምስል ተቀርጾበት ለማተም የተዘጋጀው ግን፦ 84.42።

በላስቲክ የተለበጠ የብላንኬት ጨርቅ፦ 59.11።

ቀለም የጠጣ የጽሕፈት መኪናና የመሰል ማሽን ሪባን፦ 96.12።

ማተሚያ ማሽን፣ ፕሪንተር፣ ኮፒና ክፍሎቻቸው፦ 84.43።

ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙውን ሰው የሚያስገርመው ቶነር ነው። ዱቄቱ ጥቁር ነው፣ ወረቀት ላይ ፊደል ያትማል፤ ታዲያ ከቀለም ተለይቶ ከፎቶግራፍ ኬሚካል ጋር ምን አገናኘው? መልሱ በ37ኛው ምዕራፍ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ምዕራፍ «ፎቶግራፋዊ» ማለት ብርሃን ወይም ሌላ ጨረር ለብርሃን ስሜት ባለው ገጽ ላይ አርፎ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ምስል የሚፈጠርበት ሂደት ነው። በፎቶ ኮፒና በሌዘር ፕሪንተር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ብርሃኑ ድራሙ ላይ ያርፋል፣ በድራሙ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል በምስሉ ቅርጽ ይለያያል፣ ዱቄቱ በዚያው ቅርጽ ይጣበቅና ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። ቶነሩ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል በመሆኑ ነው 37ኛው ምዕራፍ የገባው።

ፕሌቱም እንዲሁ ነው። ያው ፕሌት ሳይቀረጽ ሲመጣ የፎቶግራፍ ዕቃ፣ ተቀርጾ ሲመጣ የማተሚያ ዕቃ ይሆናል። በኢንቮይሱ ላይ «ኦፍሴት ፕሌት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የጉምሩክ ሠራተኛው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም።

ወረቀትም ቢሆን በስሙ አይመደብም። የጋዜጣ ወረቀት ተብሎ 48.01 ለመግባት ያልተለበጠ መሆን፣ ቢያንስ 50 ከመቶ ቃጫው በሜካኒካል ወይም በኬሚ ሜካኒካል ዘዴ የተገኘ የእንጨት ቃጫ መሆን፣ በካሬ ሜትር ከ40 ግራም ያላነሰና ከ65 ግራም ያልበለጠ መመዘን፣ እንዲሁም በማስታወሻው የተቀመጡትን የሸካራነትና የስፋት ልኮች ማሟላት አለበት። 70 ግራም የሚመዝን ወረቀት ጋዜጣ ቢታተምበትም በመጽሐፉ አነጋገር የጋዜጣ ወረቀት አይደለም።

የካርትሪጁ ሙግት

በዚህ መስክ ብዙ ያከራከረው ካርትሪጅ ነው። የታወቀው ጉዳይ ቱርቦን ኢንተርናሽናል የተባለው ኩባንያ ከጀርመን የቀረጥ ባለሥልጣን ጋር ተሟግቶ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2002 የወሰነው ነው። ዕቃው የማተሚያ ጭንቅላት የሌለው፣ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ቀለም የያዘ የኢንክጄት ካርትሪጅ ነበር። ኩባንያው ካርትሪጁ ለአንድ ዓይነት ፕሪንተር ብቻ ተስማምቶ የተሠራ ስለሆነ የማሽን ክፍል ነው ሲል፣ ባለሥልጣኑ ደግሞ ቀለም ነው አለ።

ክርክሩ የስም ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሲንጋፖር በተደረሰው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዕቃዎች ስምምነት መሠረት የኮምፒውተር ክፍሎች በአውሮፓ ኅብረት ከቀረጥ ነጻ ሲሆኑ በቀለም ላይ ግን ቀረጥ ይከፈል ነበር። ፍርድ ቤቱ ለቀለም ፈረደ። ፕሪንተሩ ካርትሪጁ ባይኖርም በሜካኒክም ሆነ በኤሌክትሮኒክ አሠራሩ ይንቀሳቀሳል፤ ወረቀቱ ላይ ፊደል የማይወጣው ቀለም ስለሌለ ነው። ስለዚህ ካርትሪጁ የማሽኑ ክፍል ሳይሆን የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ዋና ባሕርዩንም የሚሰጠው ቀለሙ ነው ሲል በ32.15 መደበው።

ከዚህ ፍርድ አስመጪው የሚማረው ነገር አለ። «ለዚህ ማሽን ብቻ የተሠራ ነው» ማለት ብቻውን አንድን ዕቃ መለዋወጫ አያደርገውም። በውስጡ የማተሚያ ጭንቅላት፣ ድራም ወይም ሌላ የሚንቀሳቀስና የኤሌክትሪክ አካል መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የ1996ቱን ስምምነት ሲያሰፉ ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል አካል ያላቸውን የቀለም ካርትሪጆችና የቶነር ካርትሪጆችን በስም ጠቅሰው ከቀረጥ ነጻ በሚሆኑት ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋቸዋል። በጠርሙስ የሚመጣው የመሙያ ቀለም ግን ያው ቀለም ነው።

ማሽኖቹም ከሙግት አላመለጡም። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ የኮምፒውተር ፕሪንተር በ84.71፣ ፎቶ ኮፒ በ90.09 ይመደቡ ነበር። የሚያትመው፣ የሚቀዳውና ፋክስ የሚልከው ሁለገብ ማሽን ሲመጣ ግን የየትኛው ነው በሚለው አገሮች ተጣሉ። በ2007 የተሻሻለው እትም 90.09ን ሰርዞ ሁሉንም በ84.43 ሰበሰበ። ጠቡ በዚህም አላበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ ማሽኖች በአንዳንዶቹ ላይ 6 ከመቶ ቀረጥ በመጣሉ አሜሪካ፣ ጃፓንና ታይዋን ለዓለም ንግድ ድርጅት ከሰው በ2010 ተፈርዶላቸዋል።

ዕቃው የየት አገር ስሪት ነው?

የታሪፍ ቁጥሩ ዕቃው ምን እንደሆነ ሲመልስ፣ የስሪት አገሩ ደግሞ የት እንደተሠራ ይመልሳል። በዚህ በኩል አራት ነገሮች ይምታታሉ፤ ኢንቮይስ የሰጠው ነጋዴ ያለበት አገር፣ ዕቃው የተጫነበት ወደብ፣ የንግድ ምልክቱ ባለቤት አገርና ዕቃው የታሸገበት ቦታ። ከአራቱ አንዱም በራሱ የስሪት አገርን አይወስንም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያብራራዋል። ሕንድ ውስጥ የተሠራ የኦፍሴት ቀለም በበርሜል ወደ ጀበል አሊ ተወስዶ፣ በአንድ አንድ ኪሎ ጣሳ ተገልብጦ፣ አዲስ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ከዱባይ ነጋዴ ኢንቮይስ ጋር ወደ ጅቡቲ ቢጫን ቀለሙ ያው የሕንድ ስሪት ነው። ዕቃው የተላከው ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው፤ የተሠራው ግን እዚያ አይደለም። ዕቃን ማሸግ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ መገልበጥና ምልክት መለጠፍ አዲስ ዜግነት አያሰጥም። ለዚህ የሚያበቃው ዕቃውን በመሠረቱ የለወጠ የመጨረሻው የማምረት ሥራ ነው። በታዋቂ የጃፓን ስም የሚሸጥ ፕሪንተርም ኢንዶኔዥያ ወይም ፊሊፒንስ ውስጥ ከተሠራ ስሪቱ የዚያው አገር ነው።

የስሪት አገር ከገንዘብ ጋር የሚገናኝበት አንዱ በር ኮሜሳ ነው። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው የነጻ ንግድ ቀጣና ውስጥ ሳትገባ ለአባል አገሮች ዕቃ በቀረጡ መጣኔ ላይ የ10 ከመቶ ቅናሽ ስትሰጥ ቆይታለች። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሒሳብ ስሕተት ይፈጸማል። 20 ከመቶ የነበረው 10 ከመቶ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የ20 አሥር ከመቶ 2 ስለሆነ 18 ከመቶ ይሆናል ማለት ነው። ከላይ በተሰላው የ1,000,000 ብር ዕቃ ቀረጡ ከ200,000 ወደ 180,000 ብር ይወርዳል።

ቅናሹም በወደብ ብቻ አይገኝም። በኮሜሳ ፕሮቶኮል መሠረት ከውጭ የመጣው ጥሬ ዕቃ ከጠቅላላው የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከ60 ከመቶ ያልበለጠ፣ ወይም የተጨመረው እሴት ከፋብሪካ ወጪው ቢያንስ 35 ከመቶ የሆነ፣ ወይም በምርቱ ምክንያት የታሪፍ አንቀጹ የተለወጠ መሆን አለበት። ለምሳሌ አንድ የኬንያ ፋብሪካ በ28.03 የሚመደብ የካርቦን ጥቁር ወይም በ32.04 የሚመደብ ኦርጋኒክ ማቅለሚያ ከውጭ አስገብቶ፣ ከቫርኒሽ ጋር ፈጭቶ የ32.15 ቀለም ቢያወጣ አንቀጹ ተለውጧል። የተዘጋጀ ቀለም ከእስያ አምጥቶ ናይሮቢ ላይ በጣሳ ቢያሽግ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ለቅናሹ በላኪው አገር ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

ጣሳው ላይ የተጻፈው

በዕቃ ላይ የስሪት አገርን የመጻፍ ግዴታ የቆየ ነው። እንግሊዝ በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክቶች ሕግ የተነሳ ነበር «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ የተስፋፋው። አሜሪካ ደግሞ በ1930 የታሪፍ ሕግ አንቀጽ 304 ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ፣ በሚታይ ቦታ፣ በማይለቅ ጽሑፍ እንዲይዝ ታዛለች። ምልክቱ ሳይኖር የገባና በጊዜው ያልተስተካከለ ዕቃ ከመደበኛው ቀረጥ በላይ 10 ከመቶ ይጨመርበታል። የሕጉ ዓላማ የመጨረሻው ገዢ እንዲያውቅ ነው። ቀለም ፈሳሽ ስለሆነ በራሱ ላይ አይጻፍበትምና ጽሑፉ በጣሳው ላይ ይሆናል።

በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በዕቃ መለያ ላይ ከሚገለጹት ነገሮች መካከል የተመረተበትን አገር አካቷል። ከሸማቹ መብት ሌላ ጽሑፉ ለአስመጪው ራሱ ማስረጃ ነው። ፈታሹ ካርቶኑን ሲከፍት ጣሳው ላይ አንድ አገር፣ ምስክር ወረቀቱ ላይ ሌላ አገር ካገኘ ስሕተቱ የሻጩ ቢሆንም ዕቃው የሚቆመው በአስመጪው ስም ነው። መጋዘን የሚከፍለውም እሱ ነው።

ባንክ ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ። ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የኤል ሲ ደንብ መሠረት ባንክ የሚያየው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም። ኤል ሲው «ስሪት ጃፓን» ብሎ ምስክር ወረቀቱ «ኢንዶኔዥያ» ካለ ዕቃው ምንም ጥሩ ቢሆን ሰነዱ ጉድለት አለበት ይባላል።

ከኤል ሲ በፊት የሚሠራ ሥራ

ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ ፐርፎርማው በእጅ ላይ ሳለ፣ ያለ ብዙ ወጪ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ ከሻጩ የዕቃውን የቴክኒክ መግለጫ መጠየቅ ነው። ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ካርትሪጁ ጭንቅላት ወይም ድራም እንዳለው፣ ፕሌቱ የተቀረጸ መሆን አለመሆኑ፣ ወረቀቱ ስንት ግራም እንደሚመዝን በጽሑፍ ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ ሻጩ የሰጠውን የታሪፍ ቁጥር እንዳለ አለመቀበል ነው። ሥርዓቱ በ2002፣ በ2007፣ በ2012፣ በ2017 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። ሻጩ በአንድ እትም፣ ተቀባዩ አገር በሌላ እትም የሚሠሩ ከሆነ ስድስቱ አኃዞች እንኳ ላይገጥሙ ይችላሉ። ከስድስተኛው በኋላ ያለው ደግሞ የሻጩ አገር የራሱ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ እያንዳንዱን ዕቃ በየመስመሩ፣ ከመጠኑና ከዋጋው ጋር እንዲዘረዝሩ ማድረግ ነው። «ልዩ ልዩ የሕትመት ዕቃ» የሚል አንድ መስመር ለክርክር በር ይከፍታል።

አራተኛ፣ ሻጩን «ከየት ትልካለህ?» ብቻ ሳይሆን «የት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅና በኤል ሲው ላይ የፋብሪካውን አገር ማስፈር ነው። ጣሳው፣ ኢንቮይሱና ምስክር ወረቀቱ አንድ አገር ይናገሩ።

አምስተኛ፣ አጠራጣሪ ዕቃ ሲሆን ናሙናና መግለጫ ይዞ ጉምሩክ ኮሚሽንን በጽሑፍ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ነው። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ አስመጪዎች ዕቃው ከመምጣቱ በፊት አስገዳጅ የምደባ ውሳኔ አስወጥተው መሥራትን ልማድ አድርገውታል። የቃል መልስ የሰጠው ሠራተኛ ነገ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

ነገሩን ለትራንዚተር ብቻ ትቶ የሚተኛ አስመጪ ዲክላራሲዮኑ በራሱ ስም እንደሚሞላ መዘንጋት የለበትም። ሆን ብሎ ቶነርን ቀለም፣ ቀለምን መለዋወጫ እያለ የሚያስገባ ነጋዴም ለጊዜው በርካሽ ሸጦ ሕጋዊውን ተወዳዳሪ ከገበያ ያስወጣ ይሆናል፤ ሂሳቡ ሲመረመር ግን የሚመጣው ልዩነት እንደታየው በሦስት እጥፍ መንገድ የሚቆጠር ነው። ከሁለቱም ወገን በስተመጨረሻ ሂሳቡ የሚወርድበት ሰው ደግሞ የታሪፍ መጽሐፍ አይቶ የማያውቀው ነው፤ አንድ ማሽን ይዞ ቀለም በኪሎ የሚገዛው ባለ ማተሚያ ቤት፣ ከእሱም ቀጥሎ ደብተርና መጽሐፍ የሚገዛው ወላጅ።